ርካሹ ወተት

ሥራዬ የሰርቪስ አውቶቡስ መንዳት ነው። ቂሊንጦ ያሉ ፋብሪካዎች ሠራተኞችን ጠዋት ከሳሪስ፣ ከቃሊቲና ከአቃቂ እየለቀምኩ አደርሳለሁ፤ ማታ ደግሞ እመልሳለሁ። በዚህ መንገድ ላይ ፍሬን እምቢ ብሎኝ ያውቃል። አሸዋ የጫነ መኪና ፊቴ ተገልብጦም ያውቃል። ሁለቱንም ጊዜ ወርጄ ጎማዬን በእግሬ መታ መታ አድርጌ መንገዴን ቀጥያለሁ። ስለዚህ ራሴን ፍርሃት የማያውቀው ሰው አድርጌ እቆጥር ነበር፤ ለጓደኞቼም ይህንኑ ሳወራ ኖሬያለሁ። ያ ጉራዬ የተነፈሰው አንድ ዓርብ ቀን ነው።

ወደዚያ ዓርብ ከመግባቴ በፊት ያኔ እነማን እንደነበርን ልንገራችሁ።

ባለቤቴ ሰናይት ቂሊንጦ ልብስ ስፌት ፋብሪካ ትሠራለች። የተዋወቅነው እዚያው አውቶቡሴ ውስጥ ነው። ሁልጊዜ ከኋላዬ ያለው ወንበር ላይ ትቀመጥና አነዳዴን ትተች ነበር፤ ዛሬም ትተቻለች። ከተጋባን በኋላ ልጅ ቶሎ አልመጣልንም። ሁለት ጊዜ ጽንስ ወርዶባት አብረን አልቅሰናል። በሦስተኛው ናርዶስ መጣች። ሰናይት ግን ከወሊድ በኋላ ክፉኛ ታመመች፤ የምትወስደው መድኃኒት በጡቷ በኩል ወደ ልጅቷ ስለሚያልፍ እንዳታጠባ ሐኪም ከለከላት። መድኃኒቱ እስኪያልቅ ጡቷ ደረቀ። በዚህ ምክንያት ናርዶስ ከተወለደች ጀምሮ ያደገችው በጡጦ፣ በዱቄት ወተት ነው።

ወተቱም ዝም ብሎ ወተት አልነበረም። ወርቃማ ክዳን ያለው፣ ልጅ ያልወለደ ሰው ሳይቀር ስሙን የሚያውቀው የውጭ ወተት ነው። አራስ ጥየቃ የመጣ ዘመድ ጣሳውን መደርደሪያው ላይ ሲያይ "እናንተማ በርትታችኋል" ይለናል። ደስ ይለን ነበር፤ ምን እዋሻለሁ። ባዶውን ጣሳ እንኳ አንጥልም፤ ጨውም በርበሬም የምናስቀምጠው እሱ ውስጥ ነበር።

የምንኖረው አቃቂ፣ እማማ ጌጤ ግቢ ውስጥ ተከራይተን ነው። የእማማ ጌጤ አያቶች ፋብሪካውም ባቡሩም ሳይመጣ እዚያው ቦታ ላይ ያርሱ ነበር። እሳቸው ደግሞ ጉልበታቸው እስኪደክም አቃቂ ገበያ እህል ሲሸጡ ኖረዋል። የገበያው ሰው ዛሬም የሚያነሳቸው በአሰፋፈራቸው ነው። ጣሳውን ይሞላሉ፣ ይቆልላሉ፣ ያ አልበቃ ብሎ አንድ እፍኝ ምርቃት ይጨምሩበታል። ጎናቸው ያሉት ነጋዴዎች "አንቺ ሴትዮ ገበያችንን ገደልሽው" እያሉ ይነጫነጩባቸው ነበር አሉ። የራሳቸው ልጅ የላቸውም። አራስ ቤት ሰናይትን የተንከባከቧት እሳቸው ናቸው፤ እሷ ሥራ ስትመለስም ናርዶስን ቀን ቀን የሚይዙልን እሳቸው ሆኑ።

ያንን ባለ ወርቃማ ክዳን ወተት ሲያዘጋጁ ብታዩ ትገረሙ ነበር። ጣሳው ውስጥ ያለችውን ትንሽ መስፈሪያ ማንኪያ ይሞሉና በቢላ ጀርባ ጥርግ አድርገው ትርፉን ወደ ጣሳው ይመልሳሉ። ብናኝ ጠረጴዛው ላይ ከወደቀ በጣታቸው አንስተው ይልሱታል። "የሰው ላብ ነው" ይላሉ። ሰናይትና እኔ እንኳ እንዲያ አንጠነቀቅም።

ከዚያ ወርቃማው ክዳን ከየሱቁ ጠፋ። ሲገኝም ዋጋው የማይቀመስ ሆነ። ከሳሪስ እስከ ቃሊቲ ያሉትን መድኃኒት ቤቶች አዳርሼ ባዶ እጄን ስመለስ ከድር ሱቅ ጎራ አልኩ። ከድር አብሮ አደጌ ነው፤ በጨርቅ ኳስ አብረን ጥፍራችንን የነቀልን ሰዎች ነን። ሰምቶኝ ሲያበቃ ከመደርደሪያው አንድ ነጭ ካርቶን አወረደ።

"ይሄን ሞክረው። ብዙ ሰው እየወሰደው ነው" አለኝ።

ስሙን ሰምቼው አላውቅም። ካርቶኑ ላይ ያለው ሕፃን እንኳ ወደ ፎቶ የገባው በግድ ይመስላል። ጤና ጣቢያ ወስጄ ክትባት ለምትሰጣት ነርስ አሳየኋት። አገላብጣ አየችውና ለዕድሜዋ የሚሆን ነው፣ ጊዜውም አላለፈም፣ አሠራሩ ጀርባው ላይ አለ፣ እሱን ተከተሉ አለችኝ። ለሰናይት ይህንኑ ነገርኳት።

"እና ልጄን መሞከሪያ ልታደርጋት ነው?" አለች።

"ነርሷ አይታዋለች እኮ።"

"ነርሷ ናት የወለደቻት?"

እሷም ብትሆን ሌላ አማራጭ አልነበራትም። ካርቶኑን ተቀብላኝ ጀርባውን ሁለት ጊዜ አነበበች፤ ለእማማ ጌጤም ጮክ ብላ አነበበችላቸው። እማማ ጌጤ ደግሞ በእጃቸው መዘን መዘን አድርገው፣ "ርካሽ ነው አላችሁ?" ብለው ጠየቁ።

"ከዚያኛው ጋር ሲተያይማ በጣም" አልኳቸው።

"ርካሽ ነገር ጉልበት የለውም ልጄ። ይሁን፣ ዋናው ልጅቷ አለመራቧ ነው" አሉና ወሰዱት።

መጀመሪያ አካባቢ ሁሉ ነገር ደህና ነበር። ናርዶስ አዲሱን ወተት ስትስበው ላያት ሰው ከልደቷ ጀምሮ ስትጠብቀው የነበረ ይመስል ነበር። "ስሙን የማታውቂው ወተት ተስማማት" ብዬ ሰናይትን ተረብኳት። ከዚያ ለቅሶዋ ተለወጠ። ጡጦውን ጨርሳ ታለቅሳለች፣ ሲጨመርላት ትጠጣለች፣ ደግሞ ታለቅሳለች። ከሥራ ስንመለስ እማማ ጌጤ "ዛሬ ስትበላ ዋለች፣ ትልቅ ሰው ሆናለች" ይሉናል። አንድ ቀን ደግሞ ዳይፐሯን ከፍተው፣ "እዩት፣ ደረቅ ነው። አባቷን ከወጪ እያዳነችው ነው" ብለው ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅኩ። ያ ሳቅ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለ።

ሐሙስ ማታ ገላዋ ሞቅ አለን። እማማ ጌጤ "ጥርስ ነው፣ ቀድሞ ሊመጣላት ነው" አሉ። ሰናይት ዓርብ ጠዋት መቅረት ፈልጋ ነበር፤ ፋብሪካው ደግሞ መቅረት አይወድም። "ትንሽ ከባሰባት ይደውሉልን" ብለናቸው ወጣን።

ዓርብ ረፋዱ ላይ ቂሊንጦ አውቶቡሴን አቁሜ መስታወት ስወለውል ስልኬ ጮኸ። እማማ ጌጤ ደውለውልኝ አያውቁም።

"ና" አሉኝ።

"ምነው እማማ?"

"ልጅቷ አትነቃልኝም። ና ብቻ።"

ቁልፉን ለሌላ ሾፌር ሰጥቼ ፋብሪካው በር ላይ ሰናይትን አስጠራኋት። የሥራ ቆቧን ሳታወልቅ እየሮጠች ወጣች። ምን ሆነ ብላ አልጠየቀችኝም፤ ፊቴን አይታ ባጃጅ ውስጥ ገባች። መንገዱን ሁሉ የባጃጁን ብረት ጨብጣ ነበር። እኔም ነጂውን "ፍጠን" ማለት አቅቶኝ ነበር።

እማማ ጌጤ በር ላይ ናርዶስን አቅፈው ቆመዋል። ልጄን ተቀበልኳት። ገላዋ ይፋጃል። ዓይኗ ግማሽ ተከፍቶ ማንንም አያይም። ከንፈሯ ተሰነጣጥቋል። አናቷ ላይ ያለችው፣ ሌላ ጊዜ ስትመታ የማያት እርግብግቢት ያን ቀን ወደ ውስጥ ጎድጉዳለች። "ናርዲ" አልኳት። ድምፄን የምታውቅ ልጅ ናት፤ ስጠራት እግሯን ታወራጭ ነበር። ምንም አላደረገችም። እንዳቀፍኳት ወደ ጤና ጣቢያ ሮጥን።

ጤና ጣቢያ ብዙም አላቆዩንም። ያችው ነርስ የሆዷን ቆዳ ቆንጠጥ አድርጋ ለቀቀችው፤ ቆዳው እንደተቆነጠጠ ቀረ፣ እንደ ሊጥ። ወዲያው ወደ ሆስፒታል ላኩን። ሰናይት ልጅቷን ደረቷ ላይ አጣብቃ ስትሄድ ቆየችና በመጨረሻ ተናገረች።

"ወተቱ ነው።"

ቀና ብዬ አየኋት።

"አንተ ነህ ያመጣኸው" አለች። አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር።

ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ስንደርስ አንዲት ቀጠን ያለች ሐኪም ተቀበለችን። ደም ወሰዱላት፤ መርፌው ሲገባ እንኳ ያለቀሰችው እንደ ድመት ግልገል ነው። ሐኪሟ ስትመረምር እየጠየቀችን ነበር፤ ተቅማጥ ነበራት? አልነበራትም። ትውከት? የለም። ታዲያ ሽንቷስ? ሰናይትና እኔ ተያየን። የደሙ ውጤት ሲመጣ ሐኪሟ ወንበር ስባ ፊት ለፊታችን ተቀመጠች። ሐኪም ቆሞ ሲያናግራችሁ ደህና ነው፤ ወንበር ስቦ ሲቀመጥ ነው የሚያስፈራው።

"ሰውነቷ ውሃ አልቆበታል። ደሟ ውስጥ ያለው ጨው ደግሞ ከሚገባው በላይ ወጥቷል" አለች። "ምን እየመገባችኋት ነው?"

ነገርናት። ለስንት ውሃ ስንት ማንኪያ እንደሆነ ጠየቀችን፤ ሰናይት ካርቶኑ ላይ እንዳለው መለሰች። እኔም ተጠየቅኩ፤ ያንኑ መለስኩ። ሐኪሟ ራሷን ነቀነቀች።

"ይሄ ልክ ነው። ልክ ከሆነ ግን ልጅቷ እንዲህ አትሆንም።"

ናርዶስ ምላሷን አውጥታ ደረቅ ከንፈሯን ላሰች። ሰናይት ቦርሳዋ ውስጥ ያለውን የውሃ ጠርሙስ ስታወጣ ሐኪሟ እጇን ያዘቻት።

"አይሆንም። በአንዴ ብዙ ውሃ ከሰጠናት አንጎሏ ሊያብጥ ይችላል። እኛ በልክ፣ በጣም በዝግታ ነው የምንመልስላት።"

"ከንፈሯን እየላሰች እኮ ነው" አለች ሰናይት።

"አውቃለሁ። ቢሆንም አይሆንም።"

እናንተ ወላጆች የሆናችሁ፣ ይህን አስቡት። ልጃችሁ በጥማት ከንፈሯን ትልሳለች፣ ውሃው እጃችሁ ላይ አለ፣ ብታጠጧት ደግሞ ልትገድሏት ትችላላችሁ። ጉሉኮሱን ሰኩላትና ጠብታው እየተቆጠበ መውረድ ጀመረ። አንዱ ወርዶ ሌላው እስኪመጣ ትንፋሼን እይዝ ነበር። ሐኪሟ ወደ እኔ ዞራ፣ ሊያንቀጠቅጣት እንደሚችል፣ ያ ከመጣ እንዳንደነግጥና ቶሎ እንድንጠራቸው ነገረችኝ። ቀጥላ ቀን ቀን ወተቱን የሚያዘጋጀው ማን እንደሆነ ጠየቀችኝ።

"የግቢያችን ባለቤት ናቸው። በጣም ጠንቃቃ ሰው ናቸው" አልኩ።

"ይምጡ። ወተቱንም፣ ማንኪያውንም፣ ጡጦውንም ይዘው ይምጡ።"

ስወጣ ግን የማስበው እማማ ጌጤን አልነበረም። አዕምሮዬ ውስጥ አንድ ቃል ብቻ ነበር፦ ፎርጅድ። አሠራሩ ልክ ከሆነ ዱቄቱ ነው ልክ ያልሆነው። ፍርሃት ሲበዛ የሚይዘው ሰው ይፈልጋል፤ እኔም አገኘሁ። ቤት ሳልደርስ ከድር ሱቅ በር ላይ ከባጃጅ ዘልዬ ወረድኩ።

ከድር ስኳር እየመዘነ ነበር። የሸሚዙን ኮሌታ በባንኮኒው ላይ አልፌ ያዝኩት።

"ልጄን ምን አጠጣሃት?" አልኩት።

"ምን ሆነች?"

"እየሞተች ነው። ያንተን ወተት ጠጥታ እየሞተች ነው።"

ሱቁ በር ላይ የነበሩ ሴቶች ሰሙ። አንዷ "ድሮም ጠርጥሬዋለሁ" አለች፤ ሌላዋ ስልኳን አውጥታ መቅረጽ ጀመረች። ሁለት ጎረምሶች ወደ ባንኮኒው ተጠጉ። ነገሩ ወዴት እንደሚሄድ ከድር ገብቶታል፤ ላቡ ግንባሩ ላይ ፈሰሰ። ሆኖም እጄን ከኮሌታው ለማስለቀቅ አልታገለም። እንደተያዘ ወደ ኋላ ተንጠራርቶ አንድ ያልተከፈተ ነጭ ካርቶን አወረደ፣ ቀደደው፣ ዱቄቱን በእጁ ዘግኖ ቃመው። ነጩ ዱቄት ጺሙ ላይ ተበትኖ፣ እየታነቀ ዋጠው።

"ከዚሁ ጭነት ለእህቴ ልጅ ወስጃለሁ። ጠዋት አቅፌው ነው የመጣሁት" አለ። "መርዝ ከሆነ አብረን እንሙት። አሁን ልቀቀኝና ልጅቷ ያለችበት ውሰደኝ።"

እጄ በራሱ ለቀቀ። ከድር የተከፈተውን ካርቶን ብብቱ ውስጥ ሸጉጦ ሱቁን ዘጋና ተከተለኝ።

እማማ ጌጤ ደጃቸው ላይ ተቀምጠው የናርዶስን ጡጦ በሁለት እጃቸው ይዘዋል። ሳያውቁት ነጠላቸውን እንደ ሐዘንተኛ አዘቅዝቀው ለብሰውታል።

"እማማ፣ ነጠላዎን ያስተካክሉት" አልኳቸው። "አለች። ሐኪሟ እርስዎን ትፈልጋለች።"

ሆስፒታል ስንደርስ ናርዶስ እንዳለች ናት። ጠብታው አሁንም እየተቆጠበ ይወርዳል። ሐኪሟ የቤታችንን ዱቄትና ከድር ያመጣውን ጎን ለጎን አየቻቸው፤ አሸተተች፣ በጣቷ ፈትጋ ፈተነች። የሁለቱም ጀርባ ላይ ያለውን አነበበች። ከዚያ እማማ ጌጤን ወደ ጠረጴዛው ጠራቻቸው።

"እማማ፣ ቤት እንደሚያደርጉት አንድ ጡጦ ይሥሩልኝ።"

እማማ ጌጤ እጃቸውን ታጠቡ። ውሃውን ጡጦው ላይ ካለው መስመር አንዲት ጠብታ ሳያሳልፉ ሞሉ። ልክ ነው። ማንኪያዋን ዱቄቱ ውስጥ ከተቱ፣ አወጡ። ዱቄቱ ማንኪያዋ ላይ እንደ ትንሽ ኮረብታ ተቆልሏል። በአውራ ጣታቸው ጠቅ ጠቅ አድርገው ጠቀጠቁት፣ እንደገና ከተቱና ቆለሉት፣ ጡጦው ውስጥ ገለበጡት። ሁለተኛውንም እንዲሁ። ሦስተኛውንም። ሰናይት እጇን አፏ ላይ አደረገች። የሚገባውን ያህል ማንኪያ ጨርሰው ክዳኑን ይይዛሉ ስንል፣ ደግሞ አንድ ቁልል ማንኪያ አንስተው ጨመሩበት።

"ይቺ የመጨረሻዋ ምንድን ናት?" አለች ሐኪሟ፣ በለሆሳስ።

"ምርቃት ናት።"

እማማ ጌጤ ፊታችንን እያፈራረቁ አዩ።

"ምነው? ልክክ አድርጌ ልስፈርላት እንዴ? እኔ ለማላውቀው ገበያተኛ እንኳ ልክክ አድርጌ ሰፍሬ አላውቅም።"

"እማማ" አለች ሰናይት፣ "የድሮውን ወተት ግን በቢላ ጠርገው ነበር የሚሠሩት። በዓይኔ አይቻለሁ።"

"እሱማ ውድ ነው ልጄ። ዘመድ ጉድ የሚልለት፣ አንቺ ስትለፊ የምትውይበት። ሳሳሁበት። ይሄኛው ርካሽ ነው ስትሉኝ እንግዲህ ጉልበት እንዲሆናት፣ ከዚያኛው እንዳያንስባት ብዬ እጄን ፈታሁ። ስታለቅስም ራባት እያልኩ ደጋገምኩላት።"

ሐኪሟ የእማማ ጌጤን እጅ ያዘች። ወተቱ ምንም እንዳልሆነ፣ ርካሹም ውዱም ሕፃን የሚፈልገውን እንደያዘ፣ ሲወፍር ግን የሕፃን ኩላሊት ጨውን ማስወጣት እንደሚያቅተውና የሰውነቷን ውሃ እንደሚጨርሰው ቀስ አድርጋ አስረዳቻቸው። "ታለቅስ የነበረው ርቧት አይደለም እማማ። ጠምቷት ነው" አለች።

እማማ ጌጤ ይህን ሰምተው ጡጦውን አዩት።

"ውሃ ነበር የምትለምነኝ?" አሉ።

"ያ ዋቃ" ብለው በኦሮምኛ አምላካቸውን ጠርተው ግድግዳው ሥር ቁጭ አሉ።

ምክንያቱ ታወቀ ማለት ናርዶስ ዳነች ማለት አልነበረም። አመሻሹ ላይ ግራ እጇ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ከዚያ እግሯ፣ ከዚያ መላ ገላዋ፣ ዓይኗም ወደ ላይ ተሰቀለ። አትደንግጥ ተብያለሁ፤ የጮህኩት ጩኸት ግን እስከ በሩ ተሰምቷል አሉ። ሮጠው መጡ፣ እኛን ወደ ውጭ ገፉን፣ በሩ ተዘጋ። ኮሪደሩ ውስጥ ሰናይት እጄን ፈልጋ ያዘችው። ከባጃጁ ጀምሮ አልነካችኝም ነበር። ከድር ወንበር ላይ ሆኖ በራሱ መንገድ ይጸልያል፤ ጺሙ ላይ አሁንም ነጭ ዱቄት አለ። እኔ መጸለይም አልቻልኩም። በሩ ተከፍቶ ሐኪሟ የምትለውን ለመስማት እየፈለግኩ፣ እንዳይከፈት ደግሞ እመኝ ነበር።

ተከፈተ። "ቆሞላታል" አለች ሐኪሟ። "ከዚህ በኋላ የሚነግረን ሽንቷ ነው።"

ያን ሌሊት ሰናይትም እኔም ዳይፐር ስንዳስስ አነጋን። ደረቅ። እንደገና ደረቅ። ሊነጋጋ ሲል ሰናይት እጇን ከታች ሰደደችና እንዳለች ቀረች። እኔ ሌላ ነገር መሰለኝ።

"ርሷል" አለች።

የሽንት ዳይፐር እያገላበጡ የሚያለቅሱ ባልና ሚስት አይታችሁ ታውቃላችሁ? የዚያን ዕለት ጠዋት ብትመጡ ታዩን ነበር። ቀትር ላይ ናርዶስ ዓይኗን ከፈተች። "ናርዲ" ስላት አንድ እግሯን ብቻ አወራጨች። በቂዬ ነበር።

ሐኪሟ ስትሸኘን ወተቱን መለወጥ እንደማያስፈልገን፣ ማንኪያውን ብቻ እንድንጠርግ ነገረችን። ያንኑ ስሙን የማላውቀውን ወተት ቀጠልን። ከድር ሱቅ ሄጄ ሰው ባለበት ይቅርታ ስጠይቀው፣ "ይቅርታው ይቅር፣ የቃምኩትን ዱቄት ዋጋ አስብ" ብሎ አሳቀኝ። ሲስቅ ግን ከኮሌታው ላይ የተበጠሰችው ቁልፍ ቦታዋ ባዶ እንደሆነ አየሁ።

የከበደን እማማ ጌጤ ናቸው። ከሆስፒታሉ መቼ እንደወጡ አላየንም። ከዚያ በኋላ ናርዶስን ከሩቅ እያዩ በራቸውን ይዘጋሉ። ሰናይትም ልትሰጣቸው አልደፈረችም፤ እኔም ስጫቸው አላልኳትም። እሷ ከሥራ ፈቃድ ወስዳ ቤት ዋለች። አንድ ጠዋት ግን ልጅቷን አቅፋ፣ ካርቶኑንና ቢላውን ይዛ በራቸውን አንኳኳች።

"እማማ፣ ነገ ሥራ እገባለሁ" አለቻቸው።

"እኔን አታምኝኝ" አሉ።

"እርስዎን እኮ አይደለም የፈራሁት፤ ማንኪያውን ነው። እሱን ደግሞ አብረን እንሠራለን።"

ከዚያን ቀን ጀምሮ እማማ ጌጤ አንድ ማንኪያ ብቻቸውን ሰፍረው አያውቁም። ጠርገው ካበቁ በኋላ ያገኙትን ሰው፣ ተከራይም ይሁን እንግዳ፣ "ና እየኝ፣ ልክ ነው?" ይላሉ። አንዴ ቆጣሪ ሊያነብ የመጣውን የመብራት ኃይል ሠራተኛ ሳይቀር አስመስክረውታል።

እኔ ከዚያ ዓርብ ወዲህ ሌላ ሾፌር ሆኛለሁ። ፍሬኔን በየጠዋቱ እፈትሻለሁ፤ ጓደኞቼ ይስቁብኛል። ይህንን የጻፍኩላችሁም ስለ ወተት ዋጋ ላወራችሁ አይደለም። ኑሮ ከውዱ ወደ ርካሹ የሚያወርደን ብዙ ነን፤ ስንወርድ ደግሞ እናፍራለን፣ የጎደለውን በሌላ ነገር ልንሞላ እንጣጣራለን። ልጄን ሊገድላት የነበረውን ክፉ ሰው ከድር ሱቅ ድረስ ሄጄ ፈለግኩ። ክፉ ሰው አልነበረም። እጃችሁ ላይ ጡጦ ያለ፣ ለልጃችሁ የምትሳሱ ሁሉ፣ እባካችሁ ካርቶኑን አንብቡ፤ ለሚይዝላችሁም ሰው አንብባችሁ ብቻ አትተዉት፣ ሲሠራ እዩት።

በቅርቡ ናርዶስ ምግብ ጀመረች። የመጀመሪያውን ገንፎ ያገነፉላት እማማ ጌጤ ናቸው። ዱቄቱን በማንኪያ አንስተው በቢላ ጀርባ ጠረጉት፣ ማንኪያውን ወደ እኔና ወደ ሰናይት ዘረጉ። "ልክ ነው?" አሉ። እኔ ልክ ነው ልል አፌን ስከፍት ሰናይት ቀደመችኝ።

"ይሄ ወተት አይደለም እማማ። ይጨምሩላት" አለች።

እማማ ጌጤ ወደ እኔ አዩ። እንደገና ወደ ሰናይት። ከዚያ ቢላውን አስቀመጡና፣ በሦስት ጣታቸው ዱቄት ቆንጥረው ድስቱ ውስጥ ጨመሩ።